ቀይ አፈር ነጭ ሲሆን

ጉድ በሉ! ባኮ ላይ ቀይ አፈር ነጭ ይሆናል። ድግምት የለበትም፣ ብዙ ብር የሚፈስበት ካሜራም አይጠይቅም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ፣ በነፃ የሚወርድ አንድ መተግበሪያና በመተግበሪያው ውስጥ ያለች ቀይ ክብ ምልክት ይበቃሉ። ያቺን ክብ ስትነኳት በበቆሎው መሀል ያለው አፈር ቦግ ይላል፤ በቆሎው ይጠቁራል፤ በየቀኑ ዞር ብላችሁ ሳታዩት የምታልፉት ማሳ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ካየሁ ወዲህ ሰው አላስቀምጥ ብያለሁ። ሻይ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ "እስቲ ይህችን እይ፣ አሁን ደግሞ ይህችን" እያልኩ አሰልችቻለሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ባኮን ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። የጊቤን ወንዝ ከተሻገሩ ወዲያ ወለጋ ነው። ካሜራ አንግቶ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ግን እዚህ አይደርስም። አምቦ ላይ ያርፋል፣ ወንጪ ይወጣል፣ ሐይቁን ከላይ ያነሣል፣ ይመለሳል። አልፈርድበትም። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባው፣ አፉን የከፈተ እሳተ ገሞራ ውስጥ ሐይቅ የተኛበት ድንቅ ቦታ ነው። ግን ወንጪን ያላነሣ ማን ቀረ? ጉደርን አልፋችሁ፣ ጌዶ ላይ ብርዱን ቀምሳችሁ፣ ወደ ኢጃጂ ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል፣ ሰማዩ ይሰፋል፣ አፈሩም ይቀላል። 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትደርሱ ባኮ ናችሁ።

እንግዳ ነገሩ፣ የባኮ ስም ከመልኳ ቀድሞ አገር ማዳረሱ ነው። ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት የበቆሎ ዝርያዎች "ቢኤች" የሚል ስም ይዘው ነው የሄዱት፤ ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው። ቢኤች 660 እ.ኤ.አ. በ1993 ከተለቀቀ ጀምሮ በቆሎ ዘርቶ ስሙን ያልሰማ ገበሬ ማግኘት ይቸግራል። ስሟ በዘር ከረጢት ላይ ታትሞ እስከ ጎጃም ድረስ የዞረችውን የዚህችን ከተማ መሬት በፎቶ አይቻለሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ማሳው እንግባ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ጊዜው የሰኔ መጨረሻ ወይም የሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። በቆሎው ከጉልበት አልዘለለም፣ በመስመሮቹ መካከል ቀዩ አፈር ገና ይታያል። ከከተማው በእግር ትንሽ ወጣ ብላችሁ፣ ከፍ ያለ የማሳ ዳር ላይ ቆማችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። በቀለም ስታዩት ቀይና አረንጓዴ፣ ቀይና አረንጓዴ እያለ እስከ ዋንዛው ጥግ ይሄዳል። ያምራል፤ ለማማር ያምራል። አሁን ቀለሙን ዝም ብላችሁ አጥፉት። ምን ሆነ? ማሳው ጠፋ! አፈሩም ግራጫ፣ ቅጠሉም ግራጫ፤ መስመሮቹ እርስ በርስ ተዋጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ጥቁርና ነጭ ድሮ ቀረ" ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። አትክተቱት! ቀዩን ፊልተር፣ ያቺን ቀይ ክብ ንኩት። አፈሩ ብድግ አለ፣ ቅጠሉ ጠቆረ፣ እያንዳንዱ መስመር በቀለም ተነክሮ የተሰመረ መሰለ። አሁን አረንጓዴውን ፊልተር ንኩት። ሁሉም ተገለበጠ፤ ቅጠሉ ፈካ፣ አፈሩ ወደ ታች ሰመጠ። አንድ ማሳ፣ አንድ ጧት፣ አንድ ፎቶ፤ ሁለት አገር!

ምክንያቱ ደግሞ ከፎቶው አያንስም። ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለን ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግብ መሥሪያው ውጦ አረንጓዴውን ስለሚመልስ ነው። የባኮ አፈር የቀላው በውስጡ ባለው የብረት ኦክሳይድ፣ በአጭሩ በዝገት ነው፤ እሱ ደግሞ ቀዩን ይመልሳል፣ ሌላውን ያስቀራል። ስለዚህ በቀይ ፊልተር ስናይ አፈሩ የሚሰጠን ብርሃን አለው፣ ቅጠሉ ግን ባዶ እጁን ነው። ያለ ፊልተር ሲሆን አብዛኛው መተግበሪያ በለመደው ቀመር ይሄዳል፤ ከመቶ 59 እጁን ከአረንጓዴው፣ 30 እጁን ከቀዩ፣ 11 እጁን ከሰማያዊው ወስዶ አንድ ግራጫ ያደርገዋል። ያ ቀመር ለሰው ፊት፣ ለሠርግና ለምርቃት ጥሩ ነው። ለባኮ አልተሠራም።

አንድ ጧት እንዲህ እያልኩ ማሳ ዳር ጎንበስ ቀና ስል አንድ አዛውንት በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። "አካም ቡልተን" አልኳቸው። መለሱልኝና ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "ምንም አልጠፋብኝም አባባ፤ ፎቶ እያነሣሁ ነው።" ወደማነሣበት ዞረው ተመለከቱ፤ ወደ እኔ መለስ አሉ። "እዚያ ጋ እኮ ማንም የለም!" እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነው፤ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ፀጉር አበጥሮ፣ ትከሻ ቀጥ አድርጎ መቆም ነው። ማሳው የሳቸው መሆኑን ሲነግሩኝ በቀይ ፊልተር የወጣውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ስለ ውበቱ አንድ ቃል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው በሁለት መስመር መካከል ገባ ብሎ የሚታይ ነጭ ነገር አሳዩኝ። "ይህቺ ጋ አልበቀለም። ጎርፍ ወስዶብኛል።" እውነትም በቀለሙ ፎቶ ላይ ያ ቦታ በአረንጓዴው ብዛት ተሸፍኖ ነበር፤ በጥቁርና ነጩ ግን ቦግ ብሎ ወጥቷል። እኔ ሥዕል አነሣሁ ስል እሳቸው የማሳቸውን ጤና አነበቡበት። ከዚያ ወዲህ ፎቶዬን አስቀድሜ የማሳየው ለፎቶ አንሺ ጓደኞቼ ሳይሆን ለባለ ማሳዎች ነው፤ የተሻለ ያያሉ።

ሌላም አለ፤ ይህን ስሰማ አፌን በእጄ ነው የያዝኩት። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ካሜራ ራሱ ቀለም አያውቅም! ብርሃን ተቀባዩ የሚቆጥረው ብርሃን በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ብቻ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በላዩ ላይ ከተደረደሩት በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ፊልተሮች ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። አደራደሩ የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ስልክ በሱ ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ቀለም ፎቷችሁ ሲወለድ ጥቁርና ነጭ ነበር ማለት ነው። መተግበሪያው ላይ ያለችው ቀይ ክብም ቀድሞውኑ ከተሰበሰበው ውስጥ "ቀዩን ብቻ አሰማኝ" ማለት እንጂ ውሸት መጨመር አይደለችም። "ኤዲት አድርገህ ነው" ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

ድሮ ፊልተር ማለት ሌንስ ላይ የሚገጠም ባለ ቀለም መስታወት ነበር። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰሚቲ ተራሮች ሃፍ ዶም የሚባለውን ገደል ሊያነሣ ወጥቶ በስተ መጨረሻ ሁለት የመስታወት ፕሌት ብቻ ቀሩት። አንዱን በቢጫ ፊልተር አነሣው። ሰማዩ ልቡ እንደሚፈልገው እንደማይጠቁር ሲገባው የመጨረሻውን በጠቆረ ቀይ ፊልተር አነሣ፤ ስሙን ያስጠራውም ያ ፎቶ ሆነ። እሱ ገደል ወጥቶ በአንዲት ፕሌት የቆረጠውን ውሳኔ እኛ ባኮ ላይ ማንጎ እየበላን፣ በጣታችን፣ እንደልባችን እየመለስን እንሞክረዋለን። ይህ ድሎት አይደለም እንዴ?

ደግሞ ሰማዩ! ቀዩ ፊልተር ሰማያዊን አያሳልፍምና ጥርት ያለ ሰማይ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ደመናው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሐምሌና በነሐሴ ይህን አትጠብቁ፤ ሰማዩ እንዳለ ደመና ስለሆነ ፊልተሩ የሚያጠቁረው ነገር የለውም። መስከረም ሲጠባ ግን ዝናቡ ያጠበው አየር፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጊቤ በኩል የሚከመረው ደመና፣ ከማሳው መሀል እየተጠማዘዘ የሚወጣው ቀይ የእግር መንገድ... መንገዱ ይነጣል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ይፈካል። ልብ ይጠፋል።

ቀለምን ጣሉት እያልኩ ግን አይደለም፤ እንዲያውም ባኮ ላይ ቀለም ብቻ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ኅዳር ላይ ኑና የባኮን በርበሬ ተመልከቱ። ተለቅሞ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ከደጅ እስከ አጥር ሲቀላ ያየ ሰው ጥቁርና ነጭ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሞክሬዋለሁ፤ በርበሬው በግራጫ ጠጠር ነው የሚመስለው። ያ ቀይ፣ ደርቆ ወደ ጥቁርነት ሊያልፍ ሲል ያለው ያ የጠለቀ ቀይ፣ ከተነጠቀ ፎቶው ባዶ ነው። ስለዚህ በርበሬ በቀለም! ክርክር የለም።

ኑግ ላይ ግን ከራሴም ጋር እከራከራለሁ። መስከረምና ጥቅምት ኑጉ ሲያብብ ማሳው እንዳለ ቢጫ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢጫውን ከታች፣ ሰማያዊውን ሰማይ ከላይ አድርጎ ያነሣና የባንክ ካላንደር ያወጣል። እኔ ሰማዩን ቆርጬ አወጣለሁ። ቢጫው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ይሙላ፣ አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ዋንዛ መሀሉ ትቁም፣ ሌላ ምንም አይግባ። ያኔ ነው ቢጫው የሚጮኸው። ተንኮለኛ ለመሆን ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰማያዊውን ፊልተር ንኩበት። ቢጫ ለሰማያዊ ፊልተር የሚሰጠው የለውምና ያ ሁሉ የበራ ማሳ በአንድ ጊዜ ድቅድቅ ይላል። ደስ ይላል አልልም፤ ያስደነግጣል።

አገራችን በፎቶ የታየችበትን ታሪክ ስታስቡት ይህ የቀለምና የጥቁርና ነጭ ክርክር የቆየ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺ መሐንዲሶች ይዞ ነበር፤ የሰሜኑን ገደልና አምባ ዓለም ያየው በነሱ ግራጫ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲከበር ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ ከወራት በኋላ በቀለም አወጣው። ከዚያ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" ብሎ አገሪቱን በባለ ቀለም ፖስተር ለዓለም አስተዋወቀ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ፖስተሩ ግን ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን ይዞ ሄደ፤ የበቆሎ ማሳ ማን ያነሣል?

በዘመናችን ሁለት ሰዎች ሁለቱን መንገድ አሳይተውናል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ላይ "ውሃ ሕይወት ነው" የሚል መልእክት ይዛ የሠራቻቸው ፎቶዎች ቀዩንና ሰማያዊውን ልብስ በነጣው ምድር ላይ አቁመው ዓይን የሚይዙ ናቸው፤ ቀለሙን ብትቀንሱት ፎቶው የለም። ሚካኤል ፀጋዬ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለሙ አለርጂ ቢሆንበት ቡሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያነሣ ሰው ነው። የሱን ጥቁርና ነጭ ሥራዎች ስታዩ ሠዓሊው እንዳልሞተ ይገባችኋል። ሁለቱም ዘንድ የማደንቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀለም መኖሩም አለመኖሩም ታስቦበት ነው። ከካሜራው የመጣላቸውን ዝም ብለው አልተቀበሉም።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። ባኮ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በዘጠነኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይ እዚህ እያዘገመች አትወጣም፣ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል። በመስከረም 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ብቅ ካለች፣ አንድ ሰዓት ሲሆን ያ ማር የመሰለ ብርሃን አልቋል። እንቅልፋም ሰው የባኮን ቀለም አያይም። ቀትር ላይ ደግሞ ይባስ፤ ሚያዝያ 5 ገደማ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ብትቆሙ ፀሐይዋ ልክ አናታችሁ ላይ ስለምትሆን ጥላችሁን ረግጣችሁ ነው የምትቆሙት። ያኔ ቤት ግቡ። በየካቲትና በመጋቢት ግን ተቃራኒው ነው። አገሩ በጭጋግና በጭስ ይደበዝዛል፣ ቀለም ይሞታል፣ ባለ ቀለም ፎቶ ቆሻሻ ይመስላል። ለጥቁርና ነጭ ይህ ሠርግ ነው! የቅርቡ ዛፍ ጥቁር፣ ከኋላው ያለው ጉብታ ግራጫ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ፈዛዛ፣ የመጨረሻው ሰማይ ይሁን ተራራ የማይለይ፤ ርቀቱ እንደ እርከን ተደርድሮ ይቆጠራል።

ከወጣችሁ አይቀር ጥቂት ምክር። ስልኩ ላይ ያለውን "ሞኖ" የሚል ምርጫ ከፍታችሁ አታንሡ፤ ቀለሙ ከመጀመሪያው ከተጣለ ፊልተሩ የሚመርጠው ነገር አይኖርም። በቀለም አንሡና ቤት ገብታችሁ ወስኑ። ስናፕሲድ የሚባለው መተግበሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ጥቁርና ነጭ የሚለውን ስትከፍቱ ባለ ቀለሞቹ ክቦች እዚያው አሉ። ማሳ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የሚከለክላችሁ እምብዛም ነው። የጊቤ ድልድይ ምንም ቢያምራችሁ ወደ ድልድይ፣ ወደ ኬላና ወደ ታጠቀ ሰው ካሜራ አትደግኑ፤ ለፎቶ ብሎ ጣጣ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው። ወንዙን ከዳር ሆናችሁ፣ ጀርባችሁን ለድልድዩ ሰጥታችሁ አንሡት። ያ ውሃ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ነው የሚሄደው። ልጆች "ፎቶ! ፎቶ!" እያሉ ይከቧችኋል። አንድ አንሡላቸው፣ አሳዩአቸው፣ ከዚያ ከፍ ያለ ጉብታ የት እንዳለ ጠይቋቸው፤ ከነሱ የተሻለ መሪ የለም።

እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ? በነቀምቴ መንገድ የምታልፉ ሁሉ ባኮ ላይ ምሳ በልታችሁ አትሂዱ፤ እደሩባት፣ ጧት 12 ሰዓት ላይ በእግራችሁ ውጡ፣ አንዱን ማሳ በቀለምም በቀይ ፊልተርም አንሡ። ስትለጥፉትም "ገጠር" ብላችሁ አትለፉት፤ "ባኮ" ብላችሁ ጻፉበት። ስሟ ከዘር ከረጢት ሌላ ፎቶ ላይም ይነበብ።